በውርጭ ጧት አልነሳ ለምትል መኪና፦ የነዳጁንና የሽቦውን ጥፋት ደጃፍ ላይ ማግኛ

መኪናዬ ሸዋ ሮቢት ካደረች በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ደብረ ብርሃን ባደረች ማግሥት ግን ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር) ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይቀበልም። አራት አምስቴ ከሞከርኩ በኋላ እየተንቀጠቀጠች ትነሳና ቀኑን ሙሉ ምንም አትለኝም። ሁለት በጋ እንዲህ አለፈ።

ጋራዥ ስወስዳት ሦስት ሰዓት ሆኗል። እስከዚያ ሞተሩ ሞቋል። ልጁ ቁልፉን ሲያዞረው ወዲያው ትነሳለች። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ምንም የላትም» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ በዚያ ሰዓት ምንም የላትም። በዚህ መሃል ካንዴላ (እሳት የሚሰጠውን) ቀየርኩ፣ ኖዝል (ነዳጅ የሚረጨውን) አሳጠብኩ፣ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሦስቱም አያስፈልጉም ነበር። ጥፋቱ ከውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስል፣ ውስጡ ግን የተበጠሰ አንድ ቀጭን ሽቦ ሆኖ ተገኘ።

ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይንከራተት ነው ይህን የምጽፈው። የብርድ ጥፋት የሚታየው በብርድ ብቻ ነው። ሞተሩ አንዴ ከሞቀ ይደበቃል። ስለዚህ ፍተሻው መደረግ ያለበት መኪናዋ ባደረችበት ቦታ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ቁልፉ ገና ሳይነካ ነው። በአንድ ጧት የምታገኙት እውነተኛ ሙከራ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትንሽም ቢሆን የሞቀ ሞተር ላይ የሚደረግ ነው።

ብርዱ ምን ያደርጋል?

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማበር አናት ላይና መንዝ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ፣ ውርጭ ካረፈበት መስታወት ተነስታችሁ ሸሚዝ ወደሚያስወልቅ ሙቀት ትወርዳላችሁ። ሮቢት ላይ በደህና ተነስታ ደብረ ብርሃን ላይ የምታስቸግር መኪና ከፍተሻው ግማሹን እንደሠራችላችሁ ቁጠሩት። ጥፋቱ ሙቀት ከሚያውቀው ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው።

ቤንዚን ሲቀዘቅዝ በቀላሉ አይተንም። ከኖዝሉ ወጥቶ ቀዝቃዛው የአየር ማስገቢያ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ሲሊንደር ውስጥ የሚደርሰው ትንሽ ይሆናል፤ የሚነደው ደግሞ የተነነው ብቻ ነው። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ተጨማሪ ነዳጅ መስጠት ግድ ነው። ይህን የሚያደርገው ክፍል እንደ መኪናው ዕድሜ ይለያያል።

ካርቡራቶር ያላቸው ቾክ አላቸው፤ አየሩን ዘግቶ ነዳጁን የሚያበዛ ክዳን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ባለ ኖዝል መኪኖች ለብርድ ብቻ የምትሠራ አንድ ተጨማሪ ኖዝል አላቸው። የቦሽ ኬ-ጄትሮኒክና ኤል-ጄትሮኒክ የተገጠሙላቸው የጀርመን መኪኖች፣ የዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎችም እንዲህ ናቸው። አዲሶቹ ግን ተጨማሪ ኖዝል የላቸውም። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሙቀት ከሴንሰር አንብቦ ዋናዎቹን ኖዝሎች ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታቸዋል።

የእናንተዋ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ኮፈኑን ክፈቱ። ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነች አራቱ ኖዝሎች ብዙውን ጊዜ በአንድ የነዳጅ ቧንቧ ላይ ተደርድረው ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) አጠገብ ይገኛሉ። ከእነሱ ተነጥላ፣ አየሩ ከሚከፋፈልበት ሳጥን ላይ በሁለት ብሎን የታሰረች፣ የራሷ የነዳጅ ቱቦና ባለ ሁለት ሽቦ ሶኬት ያላት ካያችሁ እሷ ናት። እኔ አምስተኛዋ ኖዝል እላታለሁ። የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል ስለ እሷ ነው። ብዙ መካኒክ ከነመኖሯም ስለማያስታውሳት ነው።

አምስተኛዋ ኖዝል እንዴት ትሠራለች?

ፖዘቲቭ የምታገኘው ከሞተሪኖ መስመር ነው። ስለዚህ ቁልፉ ማስነሻው ላይ ሲያዝ ብቻ ኤሌክትሪክ ይደርሳታል። ማሳዋን (ኔጌቲቩን) የምታገኘው ደግሞ በሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ውስጥ አፍንጫውን በነከረ አንድ ስዊች በኩል ነው። ስዊቹ ውስጥ ሙቀት ሲነካው የሚጎብጥ ቅጠል መሰል ብረት አለ። ሲበርድ ተጋጥሞ ይቀመጣል፣ ሲሞቅ ይለያያል። ቅጠሉ ላይ ቀጭን የማሞቂያ ሽቦ ስለተጠመጠመ ሞተሪኖው ሲዞር እሱም ይሞቃል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቅጠሉ ይጎብጥና መስመሩን ይቆርጠዋል። በቦሽ ሥሪት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 8 ሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ ሞቅ ሲል ጊዜው ያጥራል፤ ሞተሩ 35 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ ጭራሹን አይከፍታትም። ይህ ሁሉ የተሠራው ሞተሩ በቤንዚን እንዳይታፈን ነው።

በአንድ ጧት አንድ ሙከራ ያልኩትም ለዚህ ነው። አንዴ ቁልፍ ካዞራችሁ ስዊቹ ሞቋል። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ኖዝሏ ባትሠራ ጥፋት ይሁን ልማዷ መለየት አትችሉም።

ማታውኑ ማዘጋጀት

ጧት በደነዘዘ ጣት ብሎን መፈለግ ያሰለቻል። ስለዚህ ማታ ሞተሩ ሳይበርድ ሶኬቷን ፈልጉ፣ ማቀፊያዋን አላልቁ፣ ደጋግማችሁ ነቅላችሁ ሰክታችሁ ተለማመዱ። የዚያ ዘመን ፕላስቲክ ስለሚደርቅ በብርድ ጧት ብትታገሉት ይሰበራል።

የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው። አንድ ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ)፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት ባለ 5 ዋት የመኪና አምፖል፣ ካቻቢቴ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ የእጅ ባትሪና ቁልፉን የሚያዞር አንድ ሰው። አምፖሉ ተራ ይሁን፣ ኤልኢዲ አይሁን። ኤልኢዲ በትንሽ ኤሌክትሪክም ስለሚበራ ያሳስታል። የሙከራ አምፖል ከቴስተር የሚሻልበት ቦታም አለ። ቴስተር በአንዲት ክር በሚተላለፍ ሽቦ ላይም 12 ቮልት ያሳያል። አምፖል ግን ጉልበት ይጠይቃል፤ ሽቦው ካልቻለ ይደበዝዛል።

ማታ ኮፈኑን የመንዝ ባና የምታለብሱ ከሆነ ለፍተሻው ሌሊት አታልብሱት። ባትሪውን ነቅላችሁ ቤት የምታሳድሩም ከሆነ ለዛሬ ተውት። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ነው የምንፈልገው።

ባትሪውን አስቀድሙ

ይህን በአጭሩ ልለፈው፣ ግን አትዝለሉት። ቁልፍ የሚዞርበት ልኬት ግን የጧቱን አንድ ሙከራ ስለሚበላ በሌላ ጧት ይደረግ። ባትሪ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከአቅሙ ከአንድ አምስተኛ እስከ ሲሶ ያጣል፤ ዘይቱም ስለሚወፍር ሞተሩ የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። ቁልፍ ሳይነካ በቴስተር ለኩት። 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ላይ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ክፉኛ ጭነት በዝቶበታል።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ከሰነፈ የቴስተሩን አንዱን እግር የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሰው ያስነሳ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ተበላሽቷል። ካቦውን ፍቱ፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አብሱ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ይህን ብቻ አድርጎ የተፈታለት ሰው ብዙ ነው። ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። እኔ የሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

የአምፖሉ ሙከራ

መጀመሪያ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። የቦቢናውን (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ቀጭን ሶኬት ንቀሉ። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ የምታውቁት ከሆነ እሱንም አውጡ። ይህ ሞተሩ እንዳይነሳና አምፖሉን ለማየት ጊዜ እንድታገኙ ነው። ከዚያ የአምስተኛዋን ኖዝል ሶኬት ነቅላችሁ የአምፖሉን ሁለት ሽቦ በሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ውስጥ አግቡ። ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ።

አሁን ሰውየው ቁልፉን ያዙር። ከ8 ሰከንድ አይበልጥ። እናንተ አምፖሉን እያያችሁ ቁጠሩ።

በርቶ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ የኤሌክትሪኩ ወገን ጤነኛ ነው። ሽቦውን ተዉትና ወደ ነዳጁ ሂዱ።

ጭራሽ ካልበራ የተቆረጠ ነገር አለ። የትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት የአምፖሉን አንዱን ሽቦ ከሶኬቱ አውጥታችሁ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉና ለአፍታ አስነሱ። አሁን ከበራ ፖዘቲቩ እየመጣ ነው፤ ጥፋቱ በስዊቹና ወደ ስዊቹ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። ካልበራ ሽቦውን ወደ ሌላኛው ቀዳዳ አዛውሩና ድገሙ፤ ምናልባት የተሳሳተውን ቀዳዳ ይዛችሁ ይሆናል። በሁለቱም ካልበራ ከሞተሪኖ የሚመጣው መስመር ነው የሞተው። ይህ ሙከራ ስለ ፖዘቲቩ ብቻ ስለሚናገር ቢደጋገምም ችግር የለውም።

ያለማቋረጥ ከበራና ሞተሩ ሞቆም ከበራ ስዊቹ ተጣብቆ ቀርቷል። እንዲህ ያለች መኪና ከሁሉ ይልቅ እኩለ ቀን ላይ ታስቸግራለች። በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን እያፈሰሰች ትታፈናለች።

ሽቦውን መከተል

የእኔዋ ጭራሽ ያልበራችው ናት። አንዱን ሽቦ ኔጌቲቭ ላይ ሳደርግ በራ። ስለዚህ ወደ ስዊቹ የሚሄደውን መስመር መከተል ጀመርኩ። ሽፋኑ ደህና ነው። ሶኬቱ ውስጥ ዝገት የለም። ስዊቹ ላይ በደንብ ተሰክቷል። ግን ከሶኬቱ ሁለት ጣት ወረድ ብሎ፣ ሽቦው በሚታጠፍበት ቦታ፣ በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መሃል ስጨብጠው ለሰለሰብኝ። እህሉ እንደወጣለት የገብስ አገዳ ነው የሆነው፤ ውጩ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ሽፋኑን በምላጭ ስቀደው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ረገፈ።

ከዚህ የተማርኩት ሽቦ በዓይን አይፈተሽም የሚለውን ነው። በጣት ነው የሚፈተሸው። ከሶኬት ጀምራችሁ በየሁለት ጣቱ እየጨበጣችሁ፣ ቀስ ብላችሁ እያጠፋችሁ ሂዱ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አምፖሉን ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደዚያ ሽቦ የሶኬት ቀዳዳ አገናኙና አንድ ሰው ያይላችሁ። ሲታጠፍ ብልጭ ካለ ቦታውን አገኛችሁት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሹባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ የሚወዛወዘው ክፍል አንዱ ነው። በማርሚታው ቱቦ አጠገብ የሚያልፈው ሌላው ነው። አይጥ ደግሞ በብርድ ወራት ሙቀት ፍለጋ ሞተር ላይ ታድራለች፤ ኮፈኑ ውስጥ ገለባና የጨርቅ ቁራጭ ካያችሁ ሽቦውን አትመኑት። አላርም ወይም የስርቆት መከላከያ የተገጠመላት መኪና ከሆነች ከሁሉ አስቀድማችሁ ዳሽቦርድ ሥር እዩ። ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው የሞተሪኖና የፓምፕ ሽቦ ነው፤ የተቀጠለውም በመጠምዘዝና በናስትሮ ብቻ ነው። ናስትሮው በጊዜ ብዛት ይላላል፤ ብርድ ሲመጣ ብረቱ ይኮማተርና ይለያያል።

ስትጠግኑ ከሁለቱም ወገን የተበላሸውን መዳብ የሚያብረቀርቅ እስክታገኙ ቁረጡት። አረንጓዴ መዳብ ስታኞ አይቀበልም። እኩል ውፍረት ያለው ሽቦ ቀጥሉ፣ በስታኞ በይዱት፣ ሲሞቅ የሚጨመደድ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሱት። ቱቦውን ከመበየዳችሁ በፊት ሽቦው ላይ ማስገባት አትርሱ። ርዝመቱ ትንሽ ይትረፍ፤ የተወጠረ ሽቦ ዳግም ይበጠሳል።

ስዊቹን በበረዶ መፈተን

ሽቦው ደህና ሆኖ መስመሩ ካልተዘጋ፣ ማለትም ካልተገናኘ፣ ስዊቹን ጠርጥሩ። ሌላ ጧት፣ ቁልፉ ሳይነካ፣ ሞተሩ ላይ እንዳለ ሶኬቱን ነቅላችሁ በቴስተሩ ኦም ለኩት። ከሁለቱ እግሮች አንዱ ከሞተሪኖ መስመር፣ ሌላው ከኖዝሏ የሚመጣው ነው። የኖዝሏን እግርና የሞተሩን ብረት ስትነኩ በብርድ ዜሮ አካባቢ ማንበብ አለበት። ሞተሩ ሞቆ ስትደግሙት ተከፍቶ፣ ማለትም ተለያይቶ፣ መገኘት አለበት። በብርድም ከተከፈተ ሞቷል።

አዲሱን ማግኘት ስለሚከብድ ብዙዎቻችን ያገለገለ የምንገዛው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርደን ነው። ያገለገለ ስዊች ሳይፈተን አይገጠምም። እዚህ ደግሞ ፍተሻው በነፃ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ደጅ አሳድሩ። ውርጭ በወረደበት ጧት ላዩ ጋግሮ ታገኙታላችሁ። በረዶውን ሰብራችሁ የስዊቹን አፍንጫ ብቻ ለአምስት ደቂቃ ንከሩት፤ እግሮቹ አይርጠቡ። ለኩት፤ መዘጋት አለበት። ከዚያ ለሻይ ከተጣደው ውሃ በኩባያ ቀድታችሁ በዚያ ንከሩት። ትንሽ ቆይቶ ጠቅ ሲል ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል፤ ቴስተሩም መስመሩ እንደተከፈተ ያሳያል። ሁለቱንም ካደረገ ግጠሙት።

አሮጌውን ከሞተሩ ስትፈቱ የማቀዝቀዣ ውሃ ይፈስሳል። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ ፍቱት፣ ሥሩ ዕቃ አድርጉ፣ መልሳችሁ ሙሉ።

ኖዝሏ ራሷ

አምፖሉ እንደሚገባው በርቶ መኪናዋ ካልተነሳች ወይ ኖዝሏ ተደፍናለች ወይ ነዳጅ አይደርሳትም። መጀመሪያ ሶኬቷን ነቅላችሁ ሁለቱን እግሮቿን በኦም ለኩ። እንደ ሥሪቷ ከ2 እስከ 4 ኦም አካባቢ ትሰጣለች። ምንም የማታነብ ከሆነ ውስጧ ተበጥሷል።

ቀጣዩ ሥራ ክፍት ቤንዚን ያለበት ስለሆነ በጥንቃቄ አንብቡት። ስዊቹ መብረድ ስላለበትም በሌላ ጧት፣ ቁልፍ ሳይነካ ይደረግ። ደጅ ይሠራ እንጂ በረት ወይም ዝግ ጋራዥ ውስጥ አይሠራ። ኩራዝ፣ ሲጋራ፣ ከሰል ምድጃ አጠገባችሁ አይኑር። እሳት ማጥፊያ ወይም ደረቅ አሸዋ በእጅ ይሁን። ውሃ በቤንዚን እሳት ላይ አይደፋም። የቦቢናው ሶኬት እንደተነቀለ ይቆይ፤ የፓምፑን ፊውዝ አውጥታችሁ ከነበረ ግን መልሱት።

ቱቦዋን ሳትፈቱ ሁለቱን ብሎኖች ፍቱና ኖዝሏን ከነቱቦዋ አውጧት። አፍንጫዋን ጠባብ አፍ ባለው የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አግቡ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ያዙ። ሶኬቷን መልሳችሁ ሰኩና ሰው ለጥቂት ሰከንድ ያስነሳ። ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ጃንጥላ የተከፈተ ደቃቅ ጉም ማየት አለባችሁ። እንደ ቧንቧ ውሃ ቀጥ ብሎ ከወረደ ወይም በአንድ ጎን ከተፋ ቆሽሻለች። ምንም ካልወጣ የፓምፑን ድምፅና የነዳጅ ፊልትሮውን እዩ። ፊልትሮው በጄሪካን በተቀዳ ቤንዚን ብዙ ጊዜ ይደፈናል። ለተደጋጋሚ ሙከራ ብላችሁ ከባትሪ ቀጥታ ሽቦ አትዘርጉ፤ ሽቦ ሲነካ የሚረጨው ብልጭታ ከቤንዚኑ ጎን ነው።

ከረጨች በኋላ አፍንጫዋን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። በደቂቃ ከአንድ ጠብታ በላይ የምታንጠባጥብ ከሆነ ትቀየር። የምታንጠባጥብ ኖዝል ሌሊቱን ሙሉ ግፊቱን ታፈስሳለች፣ ቀን ላይ ደግሞ ሞተሩን ታፍናለች። ስትመልሷት ጋርኒሲዮኗን (ከሥሯ ያለውን ማሸጊያ) አዲስ አድርጉ። ቱቦዋን ፈትታችሁት ከነበረም ሁለቱ የመዳብ ሮንዴላዎች አዲስ ይሁኑ። ከዚያ የቦቢናውን ሶኬት መልሳችሁ አስነሱና በደረቅ ጣት ዙሪያውን ዳስሱ፤ እርጥበት ካለ ሞተሩን አጥፉና አስተካክሉ።

ካንዴላው የሚናገረው

በአምስት ሙከራ ያልተነሳች መኪና ካለቻችሁ አንድ ካንዴላ ፍቱ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ ከላይ ያለው ሁሉ ይመለከታችኋል። ረጥቦ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ ደርሷል፤ ወይ በዝቷል ወይ እሳት የለም። በቤንዚን የታፈነችን መኪና ለማስነሳት የአምስተኛዋን ኖዝል ሶኬት ንቀሉ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ሳትለቁ አስነሱ። ብዙ አየር ገብቶ ያደርቀዋል። በየሙከራው መሃል ሞተሪኖው አንድ ደቂቃ ይረፍ።

አምስተኛ ኖዝል የሌላቸው

እንደ ቪትዝ ባሉ አዲሶቹ ላይ ጥያቄው ሁሉ ሴንሰሩ ላይ ነው። የመኪናውን ኮምፒውተር የምታነበውን ትንሿን የኦቢዲ መሣሪያ ሰክታችሁ ጧት ሞተሩ ሳይነሳ የሞተሩን ውሃ ሙቀትና የሚገባውን አየር ሙቀት አንብቡ። መኪናዋ ሌሊቱን ስላደረች ሁለቱ ተቀራርበው፣ ከደጁም ብርድ ጋር መመሳሰል አለባቸው። አየሩ 3 ዲግሪ ብሎ ውሃው 40 ካለ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሞቋል ብሎ ነዳጅ እየነፈገ ነው። በቴስተር ከለካችሁት የብዙ ቶዮታዎች ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000፣ በዜሮ ዲግሪ ከ4,000 እስከ 7,000 ኦም ይሰጣል። ሴንሰሩን ከመግዛታችሁ በፊት የእሱንም ሽቦ በጣታችሁ ዳስሱት።

ካርቡራቶር ያላት መኪና ካለቻችሁ የቾኩ ገመድ ተስቦ ሲያበቃ ከላይ ያለው ክዳን ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ሰው እየሳበ እዩ። ብዙ ጊዜ ግማሽ ላይ ይቀራል።

ናፍጣ ከሆነች ነገሩ ሌላ ነው፤ ከማስነሳት በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቁት ካንዴሌታዎቹ ናቸው። ሽቦአቸውን ነቅላችሁ የሙከራ አምፖሉን ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ እያንዳንዱ ካንዴሌታ ጫፍ ንኩ። ያልበራበት ተቃጥሏል። ከአራቱ ሁለቱ ከሞቱ ደብረ ብርሃን ላይ በጧት ለመነሳት ትቸገራለች። ካንዴሌታ ባላት መኪና ላይ የማስነሻ ስፕሬይ አትርጩ፤ የጋለው ጫፍ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

የፈላ ውሃ ሞተር ላይ መድፋትም ልማድ ነው። ቀዝቃዛ ብረት በድንገት ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሽቦውም ይረጥባል። ሞተር ሥር ፍም ማድረግ ደግሞ ቤንዚን በሚያንጠባጥብ መኪና ላይ ቤት ማቃጠል ነው። እባካችሁ ይህን ሁለቱን ተዉ። ዘይት ስትቀይሩ ግን የመኪናዋ መመሪያ ከፈቀደ 20ደብልዩ-50 የሚለውን ትታችሁ 10ደብልዩ-40 አድርጉ። ጧት ሞተሪኖው ቀለል ሲለው ይሰማችኋል።

ሁሉን ሠርታችሁ ስትጨርሱ የቦቢናውን ሶኬትና ፊውዙን መመለሳችሁን አረጋግጡ። ማረጋገጫው የዚያው ቀን መነሳት አይደለም። ሦስት ጧት ተከታትላችሁ፣ ባና ሳታለብሱ፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ ብቻ ቁጠሩ፤ በስንት ሰከንድ እንደተነሳች ጻፉት።

ራሳችሁ መሥራት ካልፈለጋችሁ ወይም ነዳጅ መክፈት ካስፈራችሁ መኪናዋን ጧት አትውሰዱ። ማታ ወስዳችሁ ጋራዡ ግቢ ውስጥ አሳድሯት፣ ቁልፉን ለዘበኛው ሳይሆን ለመካኒኩ በእጁ ስጡ። «12 ሰዓት ላይ፣ ሌላ ሰው ሳይነካት፣ የዚህችን ኖዝል ሶኬት በአምፖል እይልኝ» በሉት። ኮፈኑን ከፍታችሁም ኖዝሏን በጣታችሁ አሳዩት።